የጯሂዎቹ መሻገሪያ

ኬብራዳ ኦንዳ፣ ማርች 17 ቀን 1985

ወንድሜ ዲዲሞ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ቤኒልዳስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ። ከጉልበቴ በቀር የሚያማርረኝ የለም፤ እሱም ለሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ጉልበት ጨዋ ነው።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። የዘገየሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። በንዴት የጻፍኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች ምድጃ ገብተዋል። ይህ ሦስተኛው ስለሆነ ሳትፈራ አንብበው።

የሽያጩ ወረቀት ደረሰሽ ወይ ላልከው፣ ደርሶኛል። ፈረምሽ ወይ ላልከው፣ አልፈረምኩም። ኮረብታው የእኔ፣ የወንዝ ዳሩ ያንተ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን እማማ ሁሉንም በአንድ ሰነድ ትታልን ስለሞተች፣ ያለ ሁለታችን ፊርማ አንድ እርምጃ መሬት አይሸጥም። ይህን የማነሳው ልመካብህ ብዬ አይደለም። ትንሽ ግን ተመክቻለሁ።

ገዢህ ዶን ኤራስቶ ባለፈው እሑድ መጥቶ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። "ኦዲሊያ፣ ያ የወንዝ ዳር ጫካ ምን ይሠራልሻል? እኔ መንጥሬ ሣር አደርገዋለሁ። ከብት ሲግጥበት ስታዪ ደስ ይልሻል" አለኝ። "ዶን ኤራስቶ፣ ከብትማ አይቼ አውቃለሁ" አልኩት። የሰጠሁትን ቺቻ እስከ አተላው ጨልጦ ሄደ።

ስለ ጯሂ ጦጣዎቹ ጠይቀሃል። ደህና ናቸው። አሁንም ያንተ ጫካ ውስጥ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ይጮሃሉ፣ ደመና ሲያዩ ይጮሃሉ፣ የዶን ኤራስቶን መኪና ሲሰሙማ ይብስባቸዋል።

ሌላ ወሬ የለም። ጨረቃ ስትጎድል የድንበሩን የዛፍ አጥር አስመልምያለሁ፤ ከኮረብታዬ ጫካ ተነስቶ ሜዳውን ሰያፍ አቋርጦ እስካንተ ወንዝ ድረስ ሙሉውን። አበልጄ ማክሮቢዮና ልጆቹ በደቦ መጥተው በአንድ ቀን ቅርንጫፉን ሁሉ ገነደሱት። ግንዱ ብቻ ቆሞ ቀርቷል። ከአሁን በኋላ ያንተ መሬት የቱ ጋ እንደሚያልቅ ከመንገድ ላይ ሆኖ ይታያል።

ቤኒልዳን ሳምልኝ።

እህትህ ኦዲሊያ

*

ሳንታ ፌ፣ ዳሪየን፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1985

እትዬ ኦዲሊያ፣

ደብዳቤሽን የአውቶቡሱ ሾፌር ከሁለት ዶሮዎችና ከአንድ የልብስ ስፌት መኪና ጋር ይዞልኝ መጣ። አንዷ ዶሮ ትንሽ ሥራ ሠርታበታለች፤ ንባቡ ግን አልጠፋም። ፋሲካን እንዴት ዋልሽ? እኛ ዝናብ ቀድሞብን በሚያፈስ ቤት ውስጥ የደረቀ ዓሣ በላን።

ዶን ኤራስቶን እኔም አልወደውም። የሚገዛው ግን እሱ ብቻ ነው፤ የምወደው ሰው እስኪመጣ ደግሞ ጊዜ የለኝም። ለምን እንደቸኮልኩ ልንገርሽ። ዘጠኝ ዓመት የመነጠርኩትና ያረስኩት ይህ መሬት የሰው ነው። ባለቤቱ ሊሸጠው ነው። "የለፋህበት አንተ ነህና ቅድሚያ ላንተ፤ እስከ ገና ግን ብቻ" ብሎኛል። ከገና በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል፤ እኔም በሃምሳ ዓመቴ ገጀራዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ሌላ ጫካ ፍለጋ እሄዳለሁ። አልችልም፣ እትዬ። ወገቤ አይችልም። ቤኒልዳም አብራኝ የምትሄድ አይመስለኝም።

እዚህም ጯሂዎች ነበሩ። ያንቺዎቹን አይመስሉም፣ ድምፃቸውም ወፍራም ነው። እኔ በመነጠርኩ ቁጥር ወደ ውስጥ ሸሹ። አሁን ለመስማት ግማሽ ቀን መሄድ አለብኝ። ይህን የምነግርሽ ንጹሕ ሰው መስዬ እንዳልታይሽ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። "ሙሉውን" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባባ አጥሩን ሲመለምል አንዱን ዛፍ ቆርጦ ቀጣዩን ይዘለው ነበር፤ የዘለለውን የሚቆርጠው በዓመቱ ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ብቻ እጅሽ ስቶ "ሙሉውን" ብለሽ ጽፈሽ ይሆናል ብዬ ነው።

ወንድምሽ ዲዲሞ

*

ኬብራዳ ኦንዳ፣ ሜይ 12 ቀን 1985

ወንድሜ፣

እጄ አልሳተም።

ለሰላምታው ይቅርታ አድርግልኝ፤ ዛሬ ካልጀመርኩት የምተወው ደብዳቤ ስለሆነ ነው። ባለፈው ጦጣዎቹ ደህና ናቸው ብዬ ዋሽቼሃለሁ። ያን ደብዳቤ ስጽፍልህ አጥሩ ከተቆረጠ ሳምንት ሆኖት ነበርና፣ ነገሩ ገብቶኝ ነበር።

ለካ ያ አጥር መንገዳቸው ኖሯል። ያንተ ጫካ ውስጥ ፍሬው ሲያልቅባቸው በአጥሩ ዛፎች አናት አናት እየተሻገሩ የእኔ ኮረብታ ላይ ይወጣሉ፤ ሲጠግቡ ይመለሳሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲያልፉ አይቻለሁ። መንገድ መሆኑን ግን መንገዱ እስኪቆረጥ አላሰብኩትም። ማክሮቢዮ ገጀራውን አንስቶ "አበልጄ፣ እንደ አባትሽ አንዱን ልዝለለው ወይ?" ብሎ ጠይቆኛል። "አትዝለል!" አልኩት። ባንተ ተናድጄ ነበር። ድንበሩ ራቁቱን ቆሞ እንዲታይ፣ ሸጠህ ስትሄድ ምን ከምን እንደቆረጥክ እንድታይ ፈልጌ ነው። የቆረጥኩት ግን እኔ ነኝ።

በድርቁ መጨረሻ ወንዝ ዳር የቀረው ቅጠል አልበቃቸውም። አንዲት እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ወረደችና በሜዳው በእግሯ መጣች። እነዚህ በዛፍ ላይ እንጂ በመሬት መሄድ አያውቁም። የማክሮቢዮ ውሾች ሜዳው መሀል ደረሱባት። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ ሮጥኩ፣ አልደረስኩም። ልጇን ጠጉሯ ላይ እንደተጣበቀ አገኘሁት። ሁለት ቀን የላም ወተት በጨርቅ እያጠባሁት ቆየና ሞተ። ማክሮቢዮ ውሾቹን ገረፋቸው፤ ውሾቹ ምን አደረጉ?

ከዋና ከተማ ዩኒቨርሲቲ የመጣች አንዲት ተማሪ ጦጣ ትቆጥራለች። እኔ ጋ ነው የምታርፈው። "እነዚህ ጎናቸው ወርቅማ የሆኑት ከዚህ ከእኛ ባሕረ ገብ መሬት በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም" አለችኝ። "ሴትዮ፣ አትቀልጂ፤ የእኛ ጦጣዎች ናቸው እኮ" አልኳት። "እኔም እሱን ነው የምለው" አለች። አሥራ አራት ነበሩ፤ አሁን አሥራ ሁለት ናቸው።

ልለምንህ ነው፣ ዲዲሞ። ልመና አላውቅበትም፤ ስለዚህ ውል ላድርገው። አጥሩ አቆጥቁጧል። ዝናቡም ገብቷል። አሥራ ሁለቱም ወደ ኮረብታዬ እስኪሻገሩ ወንዝ ዳሩን አትንካው፣ ኤራስቶንም አቆየው። የመጨረሻዋ በተሻገረች ቀን እፈርማለሁ። በእማማ መቃብር።

ኦዲሊያ

*

ሳንታ ፌ፣ ሜይ 30 ቀን 1985

እትዬ፣

እስከ ገና እችላለሁ። ከገና ወዲያ በእኔ እጅ አይደለም። ለኤራስቶም እንዲያ ብዬ ጽፌለታለሁ።

ደብዳቤሽን ለቤኒልዳ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ግልገሉ ያለው ጋ ስደርስ ደግመህ አንብብልኝ አለች፤ ከዚያ ግን "እና አሁን ለጦጣ ብለህ ቤታችንን ልታሳጣን ነው?" አለችኝ። "ለጦጣ አይደለም፣ ለእህቴ ነው" አልኳት። "እህትህ መቼ ጠየቀችን? ዘጠኝ ዓመት እግሯን ወደዚህ አላነሳችም" አለች። እውነቷን ነው። እኔም ወደዚያ አላነሳሁም። ይህን የማነሳው ልወቅስሽ አይደለም።

ቅርንጫፉ እስኪያድግ ከዛፍ ዛፍ ወፍራም ገመድ ዘርጊ፤ ከብት የሚታሰርበትን ዓይነት፣ ድርብ አድርገሽ። ብቻሽን እንዳትወጪ። ደቦ ጥሪ።

ዲዲሞ

*

ኬብራዳ ኦንዳ፣ ጁላይ 21 ቀን 1985

ወንድሜ ዲዲሞ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ቤኒልዳ ስለተናገረችው፣ ልክ ናት። ንገርልኝ።

ደቦውን ጠራሁ። ሃያ ሦስት ሰው መጣ። ሁለት ድስት ሩዝ በዶሮ ሠራሁ፣ ቺቻ ጠመቅሁ፤ የሸንኮራ አረቄውን ማን እንዳመጣ አልታወቀም፣ ማን እንደጨረሰው ግን ታውቋል። ስቀው ሊሞቱ ነበር። ማክሮቢዮ መሰላል ላይ ቆሞ "ለሙሽሮች ቤት ምረግ ተብዬ ሄጃለሁ፣ ሩዝ እጨድ ተብዬ ሄጃለሁ፤ ለጦጣ ድልድይ ስጠራ ግን የመጀመሪያዬ ነው!" ይላል። ሚስቱ ከታች ሆና "ሙሽራው የቱ ነው?" ስትል፣ "ያ ጎኑ ወርቅማው! ጥሎሹን ግን ገና አላመጣም!" ይላታል።

ሥራው ሲሞቅ ማክሮቢዮ ሳሎማውን ጀመረ። ያን የደቦ ጩኸት እንዴት እንደሚያወጣው ታውቃለህ፤ ከሆዱ ያነሳውና ሰማይ ላይ ይሰብረዋል። ሌሎቹም ከአጥሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ተቀባበሉት። ያን ጊዜ ከወንዙ ጫካ ጦጣዎቹ መለሱ። ማክሮቢዮ ዓይኑን እያበሰ "ይሄ ባለጌ፣ ከእኔ ይበልጣል" አለ።

መሀል ላይ ዶን ኤራስቶ በመኪናው ደረሰ። መስኮቱን አውርዶ "ምን ሆናችኋል፣ አበዳችሁ እንዴ?" አለ። "አላበድንም፣ ደቦ ላይ ነን! ውረድና ገመድ ያዝ!" አለው ማክሮቢዮ። ደቦ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ እዚህ ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፤ ሃያ ሦስት ሰው እያየው እንዴት ይለፍ? ወረደ። ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ እስከ ማታ ገመድ ያዘ። ግዢውን ያዘገዩበትን ጦጣዎች የሚያሻግረውን ገመድ። ሲሄድ "ኦዲሊያ፣ ይህን ለማንም እንዳትነግሪ" አለኝ። ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩት።

አልተሻገሩም። ሽማግሌው ወንድ የመጀመሪያው ገመድ ድረስ መጣ፣ አሸተተው፣ ከዛፉ ሥር አንጋጦ በሚያየው ማክሮቢዮ ላይ ሸናበትና ተመለሰ። እንጠብቃለን።

ኦዲሊያ

*

ሳንታ ፌ፣ ኦገስት 18 ቀን 1985

እትዬ፣

ስለ ኤራስቶ ሸሚዝ ለቤኒልዳ ነገርኳት። ከጋብቻችን ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም። እንኳን ነገርሽኝ።

ወገቤ እንደነበረ ነው። ሐኪሙ "ከባድ አታንሣ" ብሎኛል። "ቀላሉን የሚያነሣልኝ ይምጣና ከባዱን እተዋለሁ" አልኩት።

የመሬቱ ባለቤት ትናንት መጥቶ ነበር። አልተቆጣም፤ ብቻ ከአንድ እንግዳ ሰው ጋር አጥሩን እየዞረ ሲያየው ዋለ። እንግዳው የእኔን የብርቱካን ዛፎች እየነካ "ይሄ ይቆረጣል፣ ያኛው ይቆረጣል" ሲል ሰማሁት። በገዛ እጄ የተከልኳቸው ናቸው።

እንዳትቸኩይ። ልጠይቅሽ ብቻ ነው፤ ተሻገሩ?

ዲዲሞ

*

ኬብራዳ ኦንዳ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1985

ወንድሜ ዲዲሞ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? የወገብህ ነገር አሳስቦኛል። የአዞ ስብ በጨርቅ ልኬልሃለሁ፤ ሾፌሩ ካልሸጠው ይደርስሃል።

እዚህ ዝናቡ ጥሩ ነው። በቆሎው አምሯል። የማክሮቢዮ ትልቁ ልጅ ሊያገባ ነው፤ የቶኖሲ ከተማ ልጅ ናት፣ ዝምተኛ ናት ይላሉ፣ እኔ ግን ገበያ ላይ ስትከራከር ሰምቻታለሁ። ላሟ ወለደች። ጣሪያው ማፍሰሱን አቁሟል። ቤተክርስቲያኑ ቀለም ተቀብቷል፤ ከቢጫው የቀረውን ለትምህርት ቤቱ ቀቡት፣ አልበቃ ሲላቸው ግማሹን ሰማያዊ አደረጉት። ተማሪዋ ወደ ከተማ ተመልሳለች።

ጦጣዎቹን ጠይቀሃል። ገና ናቸው።

ለቤኒልዳ ሰላም በልልኝ።

ኦዲሊያ

*

ኬብራዳ ኦንዳ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1985

ወንድሜ፣

የተፈረመው ወረቀት በዚህ ፖስታ ውስጥ ነው። መጀመሪያ እሱን አውጥተህ አስቀምጠው፤ ከዚያ ይህን አንብብ።

የተሻገሩት ሴፕቴምበር 3 ቀን ነው። ባለፈው ስጽፍልህ አሥራ ሁለቱም ከቤቴ በላይ ጫካው ውስጥ ነበሩ። ደብዳቤውን ስጽፍ ይጮሁ ነበር፤ እየሰማኋቸው ነው "ገና ናቸው" ያልኩት።

የጠራቸው የኮረብታዬ የሆቦ ዛፍ ነው፤ ፍሬው በስሎ ሽታው እስከ ወንዙ ወርዶ ነበር። አዲሶቹ ቅርንጫፎች ተገናኝተዋል። ባልተገናኙበት ገመዱ አለ። ሽማግሌው ቀደመ። ገመዱ ላይ ሲደርስ ጭራውን ጠመጠመበት፣ እንደማያምን ሰው ሳብ ሳብ አድርጎ ፈተነውና አለፈ። ከኋላው አንድ በአንድ ተከተሉ። እኔ ሜዳው ላይ ቆሜ እየቆጠርኩ ነበር። አሥራ ሁለተኛዋ ትንሽ ሴት ናት፤ ገመዱ መሀል ላይ ቆማ ወደ ወንዙ ዞራ ለረጅም ጊዜ አየች። አትመለሺ አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አለፈች።

እልል ብዬ ልጠራው የፈለግሁት ሰው አንተ ነህ። ከዚያ ግን ውላችን ትዝ አለኝ። ደስታዬ እዚያው ሜዳው ላይ ደረቀ።

ስለዚህ ዋሸሁህ። ያየ ሰው የለም ብዬ ነው። ገና እስኪያልፍ ዝም ብል ኤራስቶ ይሰለቸዋል፣ ወንዝ ዳሩ ይተርፋል፣ እነሱም ኮረብታው ሲጠብባቸው የሚመለሱበት ይኖራቸዋል ብዬ አስቤ ነው። ኮረብታው ይበቃቸዋል፤ ይጠብባቸዋል፣ ግን ይበቃቸዋል። አስቤበት ነው የዋሸሁት። አስቤበት ስል ስምንት ሳምንት አስቤበታለሁ። ጠዋት ጠዋት ሲጮሁ፣ የብርቱካን ዛፎችህን የነካካው ሰውዬ ትዝ ይለኛል። የማየው አንተን ሆነ እንጂ እነሱን አልሆነም።

ይቅርታ አልጠይቅህም፤ የማይገባኝን ልጠይቅ አልችልም። ወረቀቱን ላክሁልህ። ሽጠው።

ኦዲሊያ

*

ሳንታ ፌ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1985

እትዬ ኦዲሊያ፣

ወረቀቱ ደርሶኛል። ፊርማሽ አልተለወጠም፤ ከእማማ ፊርማ ጋር አንድ ነው።

አንቺ ሜዳው ላይ ስትቆጥሪ ያየሽ ሰው ነበር። ማክሮቢዮ ላሙን ሊፈልግ ወጥቶ፣ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ አብሮሽ ይቆጥር ነበር። በማግስቱ ጻፈልኝ። ደብዳቤው የደረሰኝ ካንቺ "ገና ናቸው" ሁለት ቀን ቀድሞ ነው። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው።

ቤኒልዳ "ጻፍላት! ውሸታም ነሽ በላት!" አለችኝ። አልጽፍም አልኳት። ኤራስቶም ሁለት ጊዜ ልኮብኛል፤ ለእሱም አልመለስኩም። እትዬ፣ ያኔ የወሰንኩትን ልንገርሽ። እውነቱን ባትጽፊልኝ ኖሮ ፊርማሽን ዳግመኛ አልጠይቅሽም ነበር። ወንዝ ዳሩም እንዳለ ይቀርልሽ ነበር፤ ጦጣዎቹም ይመለሱበት ነበር። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ቤት አልረግጠውም ነበር። ገናም ደርሶ ያልፍ ነበር፤ ሌላ ጫካ እፈልግ ነበር። ይህን ለቤኒልዳ አልነገርኳትም።

አውቶቡሱ በመጣ ቁጥር መንገድ ድረስ ወጥቼ ደብዳቤ እጠይቅ ነበር። መጻፍሽን ይሁን ዝምታሽን፣ የቱን እየፈለግሁ እንደነበር እኔ ራሴ አላውቅም።

ጻፍሽ። ስለዚህ እሸጠዋለሁ። ኤራስቶ በጃንዋሪ መመንጠር ይጀምራል፤ አልደብቅሽም። ሊያስቀረው የሚችለው ዝምታሽ ብቻ ነበር፤ አንቺ ግን ተናገርሽ። የተናገርሽው ምን እንዳስከፈለሽ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለማንም አላወራውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት እነሳለሁ። ረቡዕ ማታ ቶኖሲ አድራለሁ፤ ሐሙስ ምሳ ሰዓት አንቺ ጋ ነኝ። ለሽያጩ አንድ ቀን ይበቃኝ ነበር፤ ለዘጠኙ ዓመት ግን አይበቃኝም ብዬ ለቤኒልዳ ነግሬያታለሁና እስከ ወሩ መጨረሻ እቆያለሁ። አልጋ አንጥፊልኝ።

ወንድምሽ ዲዲሞ